እኔና አማቼ ጉምሩክ ላይ

አውሮፕላን ላይ ወጥቼ ከወረድኩ ወዲህ አምቦ ውስጥ በሰላም ጎመን መግዛት አልቻልኩም። ጉሊት ቁጭ ያለችው ሁሉ፣ «ሀርሜ፣ ደመናውን ነካሽው ወይ?» ትለኛለች፤ ሀርሜ በኛ እናቴ ማለት ነው። ነካሁት እላለሁ። «ምን ምን ይላል?» ትለኛለች። ምርቃት ጨምሪና እነግርሻለሁ እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ሁለት ወር ሙሉ ጎመን በምርቃት ስበላ ከረምኩ።

ለእናንተ ግን ያለ ጎመን እውነቱን እነግራችኋለሁ። ደመናውን አልነካሁትም። መስኮቱ አይከፈትም። ሞክሬ ነበር።

ትንሿ ልጄ ያገባችው የጌዶ ልጅ ነው። ኬንያ ውስጥ የአንድ ሀብታም ገበሬ ትንሽ አውሮፕላን ያበራል። ሀብታም ገበሬ ስላችሁ ብዙ በሬ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ አበባ ነው የሚያርሰው። አበባ ይታረሳል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፣ እኔም ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ልጄ ስምንት ዓመት ጠብቃ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ነበር። ሕፃኑ በእግሩ ነው የመጣው አሉና ሐኪሞቹ ለሐሙስ ጠዋት ቀዶ ጥገና ቀጠሩላት። ማክሰኞ ደወለችልኝ። ልጄ ከድሮም አታለቅስም፤ ስትፈራ ዝም ነው የምትለው። ስልኩ ውስጥ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ሂሳቡ ይቆጥራል፣ እኛ ዝም። ከዚያ «ሀርሜ፣ ሳልገባ ድረሽልኝ» አለች።

በቃ። እንዲህ ከተባልኩ በኋላ በእግሬም እሄድ ነበር። ደግነቱ ፓስፖርቱን እርግዝናውን የሰማሁ ጊዜ አውጥቼዋለሁ። ፎቶው ላይ ዶሮ ሰርቃ የተያዘች ሴት እመስላለሁ እንጂ ፓስፖርት ነው። ደግሞ አማቼ አበባ ገበሬውን አዲስ አበባ አድርሶ ረቡዕ ባዶውን ሊመለስ ኖሯል። «ባዶህን ከምትመጣ እናቴን ይዘህ ና» አለችው።

እዚህ ላይ ሶዳን የማታውቁ ካላችሁ ቆም በሉ። በእኛ ዘንድ ልጇን ያገባ ሰው ለእናቲቱ ሶዳ ነው፤ እሷ ለሱ ሶዳቲ ናት። ይከባበራሉ፣ ይተፋፈራሉ፣ ፊት ለፊት አይተያዩም፣ ከአንድ ማዕድ አይቆርሱም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስም አይጠራሩም። የዛሬ ልጆች ይሄን ትተውታል፤ ከአማታቸው ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ፎቶ ይነሳሉ። እኛ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ በደንባችን ኖረናል። እኔ የሱን አልጠራም፣ እሱ የኔን አይጠራም። ለእናንተም አልነግራችሁም፣ አትድከሙ።

ረቡዕ ጠዋት አዲስ አበባ ትንንሾቹ አውሮፕላኖች የሚቆሙበት ቦታ ደረስኩ። አንዲት የቢሮ ልጅ «እማማ፣ ሚዛን ላይ ይውጡ» አለችኝ። እንዴ! ጌዶ ገበያ በግ እንኳ ወገቡ ተዳብሶ ነው የሚሸጠው። «አውሮፕላኗ ትንሽ ስለሆነች ኪሎ ይቆጠራል» አለች። ወጣሁ። አማቼ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጅቷ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ አውሮፕላኗን አየ። እኔን አላየም፤ ጨዋ ነው። የመውጫውን ወረቀት ልጅቷ ራሷ ከፓስፖርቱ እያየች ሞላችው፤ ማኅተም ተመታ፤ ጉምሩኩም «መልካም መንገድ» አለን። ይሄ ጉምሩክ የሚሉት ነገር እንዲህ ቀላል ነው ወይ ብዬ ንቄው ወጣሁ።

አውሮፕላኗ ባጃጅ ክንፍ ብታበቅል ናት። አራት ወንበር። «ከፊት ከካፒቴኑ ጎን ይቀመጡ» አለኝ በር የሚዘጋው ሰውዬ። ከሶዳ ጎን ጉልበት ለጉልበት ገጥሜ! ከኋላ ገባሁና ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግኩ። አሁን ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ቤት ውስጥ ስንነጋገር ልጄ መሃል ሆና ወሬውን ታቀባብለን ነበር። እዚህ ማን ያቀባብለን?

«ይሄ ቀበቶ» አለ አማቼ ለመስኮቱ፣ «ቢታሰር ጥሩ ነበር።»

«ይቺ ወንበር» አልኩ እኔ ለወንበሯ፣ «ቀበቶዋን ያሠራችው ለሸንቃጣ ነው።»

«ጫፉን ሳብ ቢያደርጉት ይረዝማል ይባላል» አለ ለመስኮቱ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ተነሳን።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ሞተሩ ሲጮህ ሲጮህ ቆይቶ ጩኸቱ ራሱ ጸጥታ ሆነ። በደቡብ በኩል ደመናው እንደ ግድግዳ ቆሞ ነበርና ወደ ምዕራብ ዞር ብለን አለፍን፤ በኛ አገር ላይ ማለት ነው። ምድር ከላይ ስትታይ ማንም አይጣላባትም ትላላችሁ። ጤፉ ለጥ ብሎ፣ ስንዴው ወርቅ መስሎ፣ ድንበር ገፋኸኝ ተባብለው ሽማግሌ ያስቀመጡት ሰዎች መሬት ሁሉ እንደ አንድ ድሪቶ ተሰፍቶ። የደንዲ ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ አንድ ትልቅ ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ ረስቶት የሄደ ይመስላል። ወንጪ ደግሞ ከነደሴቷ ወደ ላይ ታየኛለች፤ አንዲት ጀልባ የጤፍ ፍሬ አክላ ውሃው ላይ ቆማለች፤ ትሂድ አትሂድ አይታወቅም። ቤቴን ልለይ ብዬ ወደ አምቦ አንገቴን አሰገግኩ። ግቢዬ በርበሬ አስጥቼ ስለወጣሁ ቀይ ነጥብ ነበር የምፈልገው። ለካ አምቦ ሁሉ በርበሬ አስጥቷል።

ተኛሁ አልተኛሁ እንጃ። ባለቤቴን ነፍሱን ይማረውና፣ ደመናው ላይ ሞፈር ተሸክሞ ሲሄድ አየሁት። «ወዴት ነው?» አልኩት። «አበባ ላርስ» አለኝ። «በባዶ እግርህ?» አልኩት። «ደመና አይወጋም» አለና ሄደ። ስነቃ ከታች ያለው መሬት ቀልቶ፣ ዛፉ ሁሉ ዣንጥላ ሆኖ አገኘሁት።

ያረፍነው ድንበሩን ተሻግረን አንዲት ትንሽ ሜዳ ላይ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሁሉ እዚያ ወርዶ ካልተፈተሸ ወደ ፊት አይሄድም አሉ። እንጨት ላይ አንድ እጅጌ ብቻ ያለው ሸሚዝ የመሰለ ነገር ተሰቅሎ ነፋስ ይነፋዋል። ፍየሎች አውሮፕላን የሚያርፍበት ላይ ተኝተዋል፤ እኛን አይተው አልተነሡም፣ እኛ ዞርንላቸው። ሙቀቱ አየሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ አንድ ግመል በሩቅ ሲሄድ እግሩ ከመሬት አይነካም ነበር። አማቼ ከመውረዳችን በፊት የመግቢያውን ወረቀት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሞላ። በራሱ እጅ። ይቺን ያዙልኝ።

ጉምሩኩ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ተኝቶ የሚዞር ማራገቢያ። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ቀጭን ሰው ቀና አለና፣

«አኮ፣ ነጋ?» አለኝ። አያቴ፣ ሰላም ነው ወይ ማለቱ ነው፤ በኦሮምኛ!

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰማይ አቋርጬ፣ ድንበር ተሻግሬ፣ ቋንቋዬ ቀድሞኝ ደርሶ ወንበር ይዞ ይጠብቀኛል። ቦረና ነው ለካ፣ የዚያው አገር ሰው። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት፤ እሱም ጠየቀኝ። አማቼ ሰዓቱን አየ። የምናድርበት እርሻ አውሮፕላን ማረፊያው መብራት የለውም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን ካልተነሳን ብርሃን አይደርስልንም። ይሄን ለማራገቢያው ሁለት ጊዜ ነገረው።

«አኮ፣ ሥጋ፣ ዘር፣ ማር፣ ቅቤ ይዘሻል?» አለኝ ጉምሩኩ።

«ራስ ላይ ያለው ይቆጠራል?»

አየኝ። በማለዳ የተቀባሁት ቅቤ በሙቀቱ ቀልጦ ከጆሮዬ ኋላ ይወርዳል።

«እሱ ገብቷል» አለ። «አሁን ምን ይደረጋል።»

ከዚያ ወረቀቱን አነሳ። አነበበ። ፓስፖርቴን ገለጠ። ወረቀቱን ደግሞ አነበበና አማቼን አየው። አማቼ ጫማውን አየ። ምን ጽፎ መሰላችሁ፦ የተሳፋሪ ስም በሚለው ቦታ ላይ «ሶዳቲ»። በቃ፣ ይሄው ነው! ብዕር ይዞ እንኳ ስሜን መጥራት አፍሮ!

ቦረናው ሳቁን ዋጠ። ይሄኔ እንደምንም ያስተካክለው ነበር፤ ግን አለቃው ገባች። ረጅም ሴት ናት፤ ልብሷ በካውያ ከመተኮሱ የተነሳ ያለ ሰውም ይቆማል። ኦሮምኛ አትሰማም። ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችና ፓስፖርቴ ላይ መዳፏን አሳረፈች።

«ካፒቴን፣ ይቺ ሴት ማን ናት?» አለችው፤ ቦረናው እየተረጎመልኝ።

«የባለቤቴ እናት።»

«ስሟ?»

«ፓስፖርቱ ላይ አለ።»

«ፓስፖርቱ የሚለውን አይቻለሁ። አንተ የጻፍከው ሌላ ነው። አሁን ሳታይ ከአፍህ ንገረኝ።»

አማቼ ወደ ማራገቢያው አንጋጠጠ። ማራገቢያው ምንም አልነገረው። ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ፣ የዚህ ሰው ስም ማን ነው?»

«የጌዶ ልጅ ነው።»

«ስሙ?»

«ጥሩ ልጅ ነው።»

«ስሙን ነው ያልኩሽ!»

«አይጠጣም። አያጨስም። እናቱንም አውቃታለሁ።»

እጇን አጣጠፈች። «ሁለት ሰው በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ድንበር አቋርጦ ይመጣል፤ አንዱ የሌላውን ስም አያውቅም። ወይ እሱ አንቺን ሰርቋል፣ ወይ አንቺ እሱን።»

«ብሰርቅስ» አልኩ፣ «እንዲህ ያለ ከሲታ እሰርቃለሁ?»

ቦረናው ይቺን አልተረጎመላትም። አማቼ ትን አለው።

ቦረናው ስለ ሶዳ ሊያስረዳት ሞከረ። እጁን እያወናጨፈ ረጅም ነገር ተናገረ። እሷም እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ክፉ ሴት አይደለችም። ከዚያ ወረቀቱን በጣቷ መታ መታ አድርጋ፣ «ባህሉ ደስ ይላል። እዚህ ወረቀት ላይ ግን ባህል የሚሞላበት ቦታ የለም» አለች። ካፒቴኑ በአፉ ካልመሰከረ ወደ አዲስ አበባ ጽፋ ትጠይቃለች፤ መልሱ ነገ ከሰዓት ይመጣል፤ እስከዚያ አውሮፕላኗ እዚያው ትቆማለች።

ነገ ከሰዓት! ልጄ እኮ ነገ ጠዋት ነው የምትገባው!

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ክፍት ነው፤ የአውሮፕላኗ ጥላ መሬቱ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። መጀመሪያ ክንፏ ሥር ነበር። ቀስ እያለ ወጣ። የተኙትን ፍየሎች አለፋቸው። ማራገቢያው ይዞራል፣ ዝንቧ ትዞራለች፣ ጥላው ይረዝማል። ጥላው ሲረዝም ልጄ ታየችኝ፤ ነጭ አንሶላ ለብሳ፣ በሩን በሩን እያየች፣ ዝም ብላ።

አማቼ መጣና ከፊቴ ቆመ። ስምንት ዓመት እንዲህ ቀርቦኝ አያውቅም። አፉን ከፈተ። የስሜን መጀመሪያ በከንፈሩ ሠራው፤ አየሁት እኮ! ከዚያ ላብ አጠመቀውና ዘጋው። እኔም የሱን ልጥራ ብዬ ተነሳሁ። ምላሴ ድልድይ አልሻገርም እንዳለች በቅሎ ቀጥ ብላ ቆመች። ሊስቁብን ይችላሉ፣ ይሳቁ። እናንተም ሳቁ። ግን አንድ ነገር ዕድሜህን ሙሉ ሳትነካው ኖረህ በአንድ ከሰዓት ንካው ስትባል እጅህ እሺ አይልም።

ታዲያ መላ መጣልኝ። ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ምናልባት ቅቤው ነው።

«በደንባችን መፍቻ አለው!» አልኩ ለማራገቢያው። «ሶዳ ለሶዳቲው በሰው ፊት ጊደር ከሰጠ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም መጠራራት ይፈቀዳል።»

ለእናንተ ልናዘዝ። እንዲህ ያለ ደንብ ተወልጄ ሰምቼ አላውቅም። እዚያው አግዳሚው ላይ ነው የፈጠርኩት።

ቦረናው አየኝ። ቆይቶ፣ ቆይቶ አየኝ። ደንብ የሚያውቅ ሰው ዓይን ያስታውቃል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«እውነቷን ነው» አለ። «በኛም ዘንድ አለ። ጊደሯ ግን ነጭ ካልሆነች አይሠራም።»

እሱም ዋሸ! ኧረ የት አባቱ ተገኘ!

አማቼ ከጫንቃው ላይ ኩንታል የወረደለት መሰለ። ቀጥ ብሎ ቆመና፣ «ነጭ ጊደር ሰጥቻለሁ» አለ ለግድግዳው።

«ምን ሰጠ?» አለች አለቃዋ።

«ጊደር፣ እመቤቴ» አለ ቦረናው።

ብዕሯን አነሳች። «ከብት ይዛችኋል? የት ነው ያለችው? ለምን ወረቀቱ ላይ አልሞላችሁም?»

«አይ፣ እሷ...»

«አውሮፕላኑ ውስጥ ናት?» ብላ ወጣች! ምን ታደርጉ፣ ተከተልናት። ወንበሮቹን አየች። ከወንበሮቹ ሥር አየች። ጎንበስ ብላ እቃ የሚጫንበትን ሁሉ አየች፤ የኔን ፌስታል ብቻ አገኘች። «የእንስሳት ሐኪም ምስክር ወረቀት አላት? ክትባት ወስዳለች?»

«ገና አልተገዛችም!» አልን ሦስታችንም።

«የምትገዛው ከየት ነው?»

«ከጌዶ ገበያ።»

«ድንበር ትሻገራለች?»

«አምቦ ነው የምትኖረው» አልኩ። «እኔ ጋ። ሣር አለኝ።»

ብዙ አሰበች። ከዚያ ብዕሯን ኪሷ ከተተች። «እንግዲያው አታገባኝም» አለች። «ካፒቴን፣ እየጠበቅኩህ ነው።»

አማቼ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴን በነጠላ ልሸፍን ብዬ ነበር፣ ተውኩት። ኮፍያውን አወለቀ። ስሜን ጠራ።

ሙሉውን። ከነአባቴ።

ነፋሱ ዝም ያለ መሰለኝ። አምቦ ውስጥ ሁሉም የእገሊት እናት ነው የሚለኝ፤ ጎረቤቱም፣ ቸርች ያሉትም፣ ወፍጮ ቤቱም። ስሜን የሚጠራኝ ባለቤቴ ብቻ ነበር፣ እሱም ከሄደ ቆየ። ስሜ ፓስፖርቴ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ከዚያች ዶሮ ሌባ ፎቶ ጋር። አሁን ግን እዚያ ሜዳ ላይ፣ በፍየሎቹ ፊት፣ አንድ ወንድ ልጅ እንደ አዲስ ዕቃ በሁለት እጁ ይዞ አቀረበልኝ። ልጃገረድ ሆኜ ውሃ ስቀዳ ከኋላዬ የጠሩኝ ይመስል ዞር አልኩ። ማንም የለም። እኔው ነኝ።

«ድገመው» አልኩት።

«አኮ፣ ለማኅተሙ አንዴ ይበቃል» አለ ቦረናው።

«ለማኅተሙ ይበቃል» አልኩ።

ደገመው።

«አንቺስ?» አለች አለቃዋ። የሱን ስም ማለቷ ነው። እኔ በምን ጊደር ልፈታ? ቦረናው ፊቱን ሳያጨማድድ፣ «ለሴቷ ያለ ምንም ይፈቀዳል፤ ደንቡ እንዲህ ነው» አለ። በአንድ ከሰዓት ስንት ደንብ ወለድን! እኔም ሳንባዬን ሞላሁና የአማቼን ስም ከወንዝ ማዶ ላለ ሰው እንደሚጣራ አድርጌ ጠራሁት።

«አቤት!» አለ ዘሎ፤ ከፊቴ ቆሞ። ፍየሎቹም ተነሡ።

አለቃዋ ሳቀች፤ ልብሷ እንኳ አልተጨማደደም። ገባች፣ ማኅተሙን መታችው፣ ወጣች፣ «ሂዱ፣ መሸባችሁ» አለች።

አማቼ የፊተኛውን በር ከፈተ። «እዚህ ጋ ይቀመጡ፣ ይሻላል» አለኝ። ለመስኮቱ አይደለም፤ ለእኔ። ተቀመጥኩ። ፀሐይ በጎናችን አብራን በረረች፤ ክንፏ ላይ ማር የፈሰሰ ይመስል ነበር። እርሻው ላይ ስናርፍ ብርሃኑ ሊያልቅ አንድ ጣት ቀርቶት ነበር።

ሐሙስ በጠዋት ሆስፒታል ደረስን፤ ልጄን በተሽከርካሪ አልጋ አመጧት። ነጭ ለብሳለች። አየችኝና እጄን ያዘች፤ እጇ በረዶ ነው። ዝም። ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ጣሪያው ላይ፣ ዝም። ነርሷ አልጋውን መግፋት ጀመረች። ምን እላታለሁ? አይዞሽ ብዬ አውቃለሁ፣ ልጄ በአይዞሽ ዝምታዋ አይፈታም። ጎንበስ አልኩና ጆሮዋ ላይ፣

«ባልሽ ትናንት ስሜን ጠራ» አልኳት።

ዓይኗ ከጣሪያው ወረደ። «ውሸት!»

«ጉምሩክ ላይ። ሁለት ጊዜ።»

«ሀርሜ፣ ሙች በይ!»

«ሙች። በነጭ ጊደር። ጉምሩኳ ደግሞ ጊደሯን ከወንበር ሥር ፈለገቻት።»

መጀመሪያ ትከሻዋ ነው የተንቀሳቀሰው። ከዚያ ሆዷ፣ ያ ትልቅ ሆድ፣ ከነልጁ ተናወጠ። ከዚያ ሳቁ ወጣ። ባሏ ምሰሶ ኋላ ተደበቀ። ነርሷ «እባክዎ እናቴ፣ አያስቋት፣ መርፌ ትወጋለች!» እያለች ትገፋታለች፤ የቦረናውን ነገር ሳልጨርስላት በሩ ተዘጋ።

ወንበር ሰጡኝ፣ አልተቀመጥኩም። ያደነዘዟት ከወገቧ በታች ብቻ ነውና በበሩ ቀዳዳ ሳቋ ይመጣል፤ ይቆማል፣ ትዝ ሲላት ደግሞ ይመጣል። ቆይቶ መሃሉ ላይ አንድ ቀጭን፣ የተናደደ ጩኸት ገባበት። ቀልዱ ያልገባው ሰው መጥቶ ነበር።